በሩ ወዴት ይከፈታል?

(ይህ ጽሑፍ ጎንደር ከተማ ውስጥ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት፣ ለርእሳነ መምህራንና በግንባታ ሥራ ላይ ላሉ ወንድሞችና እኅቶች ስለ ትምህርት ቤት ሕንፃ ደረጃ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አስተካክዬዋለሁ፤ ከተሰብሳቢው የተነሡትን ሁለት ጥያቄዎች ግን እንደነበሩ ትቻቸዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ጊዜ ዞር በሉና የገባችሁበትን በር እዩልኝ። ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። መቶ ሃምሳ ሰው ሳንሆን አንቀርም። ከመድረኩ ጀርባ ሌላ በር አለ፤ ስመጣ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉን የያዘውን ወንድማችንን ለምኜ አስከፍቼዋለሁ። አንድ ነገር ቢፈጠር እዚህ ፊት ያላችሁት በዚያ ውጡ። ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። አንድ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው መውጫውን ነው፤ እንዲህ ያደረገኝም ምክንያት አለ።

ዐሥራ አራት ዓመት ይሆነዋል። አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን አልጠራውም፣ «ሕንፃውን መጥተህ እይልን» ብሎ ጠራኝ። ከመማሪያ ክፍሎቹ በአንዱ፣ ጣሪያው ላይ ያለ የፍሎረሰንት መብራት ተቃጥሎ ጭስ አወጣ። አንድ ልጅ «እሳት!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ ውስጥ 68 ልጆች ነበሩ። መስኮቶቹ በሙሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው። በሩ አንድ ነው፤ የሚከፈተውም ወደ ውስጥ። የፊተኞቹ ልጆች ደርሰው እጀታውን ያዙ። ለመክፈት ወደ ራሳቸው መሳብ አለባቸው፤ የኋለኞቹ ግን ይገፏቸዋል። በሩ አልከፈት አለ። መምህሩ ልጆቹን አንድ በአንድ በጉልበት ወደ ኋላ እየጎተተ ነው ያስከፈተው። እሳት የተባለው እሳት እንኳ አልሆነም፤ ጭሱ በራሱ ጠፋ። ሦስት ልጆች ግን እጃቸው ተሰበረ፤ አንዲት ልጅም ደረቷ ተጨፍልቆ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች።

እኔ ስደርስ ክፍሉ ተጠርጓል፤ ወንበሩ ተደርድሯል። በሩ ላይ ግን፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብሎ፣ የልጆች ጫማ የጫረው ምልክት ነበር። እጀታው አጠገብ ቀለሙ በጥፍር ተልጧል። አናጺ ተጠርቶ ማጠፊያውን ፈታና በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጎ ገጠመው። ጧት ጀምሮ ከምሳ በፊት ጨረሰ። የተገዛው ጥቂት ብሎን ብቻ ነበር።

የሕንፃ ደረጃ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መስታወት፣ ሴራሚክና አሳንሰር ነው። «እኛ ድሆች ነን፣ ለጊዜው መጠለያ ይሁንላቸው እንጂ ደረጃው ይቆየን» የሚል ንግግር በየስብሰባው እሰማለሁ። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በትክክለኛው ቀን ቦታው ላይ የሚገኝ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ እናንተ ናችሁ። ትምህርት ለትውልድ የሚባለው ንቅናቄ በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሕዝቡ ገንዘቡን፣ ድንጋዩን፣ ጉልበቱን እያዋጣ ክፍል እየሠራ ነው። ያዋጣ ሰው ደግሞ የመጠየቅ መብት አለው።

ሕጉን በአጭሩ ልለፈው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። አነስተኛ ቤቶች ምድብ «ሀ» ናቸው፤ መካከለኞቹ «ለ»። ምድብ «ሐ» ውስጥ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ፣ ፋብሪካ፣ እንዲሁም የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንፃ አለ። ትምህርት ቤት የሚገባው እዚህ ነው። አራት ክፍል ያለው፣ ፎቅ የሌለው፣ ቆርቆሮ ክዳን ትምህርት ቤት በሕጉ ዓይን የሚታየው ፒያሳ ላይ ከሚሠራ ባለብዙ ፎቅ ሆቴል ጋር በአንድ ምድብ ነው። ምክንያቱ ቁመቱ ሳይሆን ውስጡ የሚቀመጠው ሰው ብዛት ነው።

ስለ ሰው ብዛትና ክብደት ለተማሪ ሳስተምር «ተንቀሳቃሽ ጭነት» የሚለውን ቃል፣ ቤቱ ላይ የሚወጣ የሚወርደውን የሰውና የዕቃ ክብደት ማለት ነው፣ ለማስረዳት ድሮ ብዙ እለፋ ነበር። ለጎንደር ሰው አሁን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በፋሲል መዋኛ፣ የጥምቀት ዕለት፣ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞቷል፤ ከመቶ በላይ ቆስሏል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ያን ቀን እዚያ የነበራችሁ አላችሁ። ነፍስ ይማር። ሰው ቆሞ ሲጨናነቅ፣ ሲዘምር፣ አንድ ላይ ሲነሣ የሚያመጣው ጭነት ወንበር ላይ ተበታትኖ ከተቀመጠ ሰው ጭነት ጋር አንድ አይደለም።

ስለዚህ መሐንዲስ የአንድን ወለል ሶሌታ፣ ሰውን የሚሸከመውን የኮንክሪት ንጣፍ ማለቴ ነው፣ ሲያሰላ መጀመሪያ «ለምን ይውላል?» ብሎ ይጠይቃል። ለመኖሪያ ቤት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግድም ይያዛል። ለመማሪያ ክፍል 300 ኪሎ ግድም። ሕዝብ ለሚጨናነቅበት አዳራሽ 500 ኪሎ ግድም። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ፤ ምክንያቱም በከተማችን ብዙ አፀደ ሕፃናት የሚከፈቱት ለመኖሪያ ተብለው በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ነው። ባለቤቱ ለአንድ ቤተሰብ ብሎ የሠራው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ዛሬ ሰማንያ ልጅ ይዘላል። ሳሎኑ ክፍል ሆኗል፤ በረንዳው መጫወቻ ሆኗል። ቤቱ ጥፋት የለበትም፤ የታሰበለት ሥራ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የሶሌታውን ፕላን አምጡ በሉ፤ ፕላን ከሌለ ሕፃናቱን ምድር ቤት አድርጉ፣ ቢሮውን ፎቅ ላይ።

ስፋትም እንደዚሁ ነው። የለመድነው መማሪያ ክፍል 7 በ8 ሜትር ነው፤ 56 ካሬ ማለት ነው። የሀገራችን ልክ ለአንደኛ ደረጃ በክፍል 50 ተማሪ፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ነው። ሃምሳ ልጅ ሲገባ ለአንዱ ከአንድ ካሬ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ይደርሰዋል፤ ሰባ ሲገባ 80 በመቶ ካሬ ብቻ። ያኔ በወንበሮቹ መካከል መተላለፊያ አይኖርም፤ መተላለፊያ ከሌለ ደግሞ ወደ ውጭ የሚከፈተውም በር ብዙ አይረዳም። ከሃምሳ በላይ ሰው የሚይዝ ክፍል ሁለት መውጫ ያስፈልገዋል። አዲስ ስትሠሩ ሁለተኛውን በር ከመጀመሪያው አርቃችሁ፣ በሌላኛው ጫፍ አድርጉት። የቆየ ክፍል ከሆነ ከመስኮቶቹ አንዱን ፍርግርግ በማጠፊያ አድርጋችሁ ከውስጥ ያለ ቁልፍ እንዲከፈት አስደርጉ። ብየዳ ቤት ወስዳችሁ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ ልውረድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ከአዘዞ ወደ ደምቢያ ሜዳ የምትወርዱ ሰዎች ዋልካን ታውቁታላችሁ። በክረምት ጫማ የሚነጥቅ፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት ጥቁር አፈር። ለጤፍና ለሽምብራ በረከት ነው። ለቤት መሠረት ግን አስቸጋሪ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በዓመት አንድ ጊዜ ቤቱን ከታች ሆኖ ብድግ ያደርገዋል፤ ከዚያ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሁሉንም ጎን እኩል ቢያነሣው ችግር አልነበረም። ግን ጠርዙ ቶሎ ይረጥባል፣ መሃሉ ይዘገያል፤ ስለዚህ ግድግዳው ይጣመማል።

አንድ ገጠር ትምህርት ቤት ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሦስተኛ ክፍል ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ወደ ጣሪያው ሰያፍ ተሰንጥቋል። ጣቴን አስገባሁ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ዘበኛው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ አጠገቤ ቆመው «ልጄ፣ እኔ በየዓመቱ ለመስከረም እመርገዋለሁ፤ እሱ ደግሞ በየዓመቱ ለጥር ይከፈታል» አሉኝ። ስንጥቁ ውስጥ የየዓመቱ ምርጊት ተደራርቦ ይታያል፤ ጭቃ፣ ከዚያ ሲሚንቶ፣ ከዚያ ጀሶ። ሰባት ንብብር ቆጠርኩ። እኒያ አባት የሕንፃውን የሕመም ታሪክ ሳያውቁት መዝግበውት ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ከመሐንዲስ ወገን አንድም ሰው ሄዶ አልነገራቸውም፤ ይህ የሙያችን ጉድለት ነው፣ ያሳፍረኛል።

ምን ይደረግ ነበር? መሠረቱ ከዋልካው ሥር ወርዶ ከጠንካራው መሬት ላይ ማረፍ ነበረበት። ዋልካው ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ተቆርጦ ወጥቶ በማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ በገረንቲ መተካት፣ ገረንቲውም በየ20 ሳንቲሜትሩ ውኃ እየጠጣ መጠቅጠቅ፣ ከላዩ ደግሞ ዙሪያውን የሚያስር የአርማታ ግሬድ ቢም። ወጪ አለው፤ አልዋሽም። ስለዚህ ገና ቦታ ስትመርጡ በአራቱም ማዕዘን ጉድጓድ አስቆፍሩ፤ ምን እንደሚወጣ በዓይናችሁ እዩ። የጉድጓድ ቁፋሮ የሁለት ቀን የጉልበት ሥራ ነው። መቶ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ቀይ አፈርና ድንጋይ ሊገኝ ይችላል።

ለተሠራውስ? ውኃን ከመሠረቱ ማራቅ። 8 በ24 ሜትር የሆነ ጣሪያ 192 ካሬ ነው። አንድ ብርቱ የሐምሌ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል ከዚያ ጣሪያ ላይ የሚወርደው 5,760 ሊትር ነው፤ 29 በርሜል ሊሞላ ምንም አይቀረው። አሸንዳ ከሌለ ያ ሁሉ ውኃ የሚወርደው በግድግዳው እግር ሥር ነው። ከዚያ በኋላ «ቤቱ ለምን ተሰነጠቀ» እንላለን። አሸንዳ ግጠሙ፤ ውኃውን ወደ ሮቶ አስገቡት፤ ልጆቹም እጅ ይታጠቡበታል። በግድግዳው ዙሪያ ሜትር የሚሆን የሲሚንቶ ንጣፍ ወደ ውጭ አዘቅዝቃችሁ አንጥፉ። ለጥላ ብላችሁ ባሕር ዛፍ ከግድግዳው ሥር አትትከሉ፤ ሥሩ መሬቱን እየመጠጠ ስለሚያደርቀው ዋልካው በዚያ በኩል ይሰምጣል። ቁመቱን ያህል ይራቅ።

ስንጥቅ ያለበት ክፍል ያላችሁ ርእሳነ መምህራን፣ ነገ ጧት አንድ ነገር አድርጉ። ስንጥቁ ላይ እንደ መዳፍ ስፋት ጀሶ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። ክረምትም በጋም አልፎበት ጀሶው ሳይሰነጠቅ ከቆየ ስንጥቁ የቆመ ነው፤ ይደፈናል። ጀሶው ለሁለት ከተከፈለ ቤቱ እየሄደ ነውና ልጆቹን አውጥታችሁ ባለሙያ ጥሩ።

እዚህ ላይ ከተሰብሳቢው መካከል አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ፤ እንዲናገሩ ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ የምትለው ሁሉ መልካም ነው። እኛ ግን አልተማርንም። ብሎኬቱን አይተን፣ አሸዋውን አይተን ምን እናውቃለን? ኮሚቴ ብላችሁ ታስፈርሙናላችሁ እንጂ ምን እንደምንፈርም አናውቀውም።»

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው።

በአሸዋው ልጀምር። ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ይዘው ሳይት ይሂዱ። ግማሹን አሸዋ ሞልተው፣ ውኃ ጨምረው፣ ቆንጥር ጨው ጣል አድርገው በኃይል ይናጡት። እርሶ እርጎ ሲንጡ እንደሚያደርጉት ነው። ከዚያ አስቀምጠው ይተዉት። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ አሸዋው ከታች ይሰፍራል፤ ጭቃው ከላዩ ቀጭን ንጣፍ ይሠራል። የአሸዋው ከፍታ 10 ሳንቲ ከሆነ የጭቃው ንጣፍ ከ6 ሚሊ ሜትር ሊበልጥ አይገባም፤ ከመቶ 6 ነው ልኩ። ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። ለዚህ ምንም ፊደል አያስፈልግም፤ ለማስረጃም ፕላስቲኩ ራሱ አለ።

ቀጥሎ ውኃው። ኮንክሪት ሲቦካ ሠራተኛው ውኃ ማብዛት ይወዳል፤ ቶሎ ይላወሳል፣ ለማፍሰስም አያደክምም። ግን እያንዳንዱ ጆግ ተጨማሪ ውኃ ከኮንክሪቱ ጉልበት ላይ ይቀነሳል። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ለ50 ኪሎ ማለት ነው፣ ውኃው 25 ሊትር አካባቢ ነው። በላዩ አንድ ባለ 20 ጀሪካን ብትጨምሩ ግማሽ ያህሉን ጥንካሬ ትወስዱበታላችሁ። ላይ ላዩን ሲያዩት ይበልጥ ያማረ፣ የለሰለሰ ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን ውኃው የነበረበት ቦታ ሁሉ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ጀሪካን መቁጠር ደግሞ ማንም ይችላል። ኮሚቴው ከሚፈርም፣ በተራ አንድ ሰው ማቡኪያው አጠገብ ቆሞ ከረጢትና ጀሪካን በድንጋይ ይቁጠር።

ሦስተኛው ማጠጣት ነው። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ውኃ ይዞ በመቆየት ነው። ቢያንስ ለሰባት ቀን እርጥብ መሆን አለበት። የጎንደር የውኃ ነገር ይታወቃል፤ በፈረቃ ነው የምንቀዳው፤ ግንባታው ደግሞ በበጋ ነው፣ ውኃ በሚጠፋበት ወር። ስለዚህ ብዙ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) እና ሶሌታ የሚፈሰው ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ አጠጪ ሳያገኝ ፀሐይ ይመታዋል፤ ሰኞ ሲመጡ ላዩ እንደ ዋልካ ተሰነጣጥቋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የእህል ጆንያ አርጥቦ ማልበስ፣ በላዩ ላስቲክ መሸፈን። አንድ ጊዜ የረጠበ ጆንያ ቀኑን ሙሉ ይቆያል። ጆንያ ያለው ደግሞ ገበሬው ቤት ነው፤ ይህን ከወላጅ የተሻለ የሚያዋጣ የለም።

ይበቃዎታል እማማ? (እናታችን «ይበቃኛል፤ ፕላስቲኩን ነገውኑ አደርገዋለሁ» አሉ።)

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ጥቂት ልበል። «ጎንደር ስምጥ ሸለቆ አይደለም፣ እኛን አይመለከተንም» ይባላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲናወጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ጎንደር ከዚያ ሩቅ ናት፤ አደጋውም እንደዚያ አካባቢ አይደለም። ግን ፋሲል ግቢ ውስጥ ሄዳችሁ የአድያም ሰገድ ኢያሱን ቤተ መንግሥት እዩት። እ.ኤ.አ. በ1704 በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ በእንግሊዞች የአውሮፕላን ድብደባ። ጎንደር ትናወጣለች፤ በየትውልዱ ስላልሆነ ይረሳል እንጂ።

ሌላ ሀገር የሆነ ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 1933 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎንግ ቢች በተባለ ከተማ ከቀኑ 11፡54 ላይ መሬት ተንቀጠቀጠ። 70 ትምህርት ቤት ፈረሰ። ሰዓቱ ልጆች ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ ነበር። ሕዝቡ ማታ ፍርስራሹ ዙሪያ ቆሞ «ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢሆንስ?» አለ። በወሩ ሕግ ወጣ፤ የትምህርት ቤት ፕላን ሁሉ በመንግሥት መሐንዲስ ይታይ፣ ግንባታውም ከሥራ ተቋራጩ ነፃ በሆነ ተቆጣጣሪ ሳይቋረጥ ይጠበቅ የሚል። በዚያ ሕግ የተሠሩት ትምህርት ቤቶች ከዚያ ወዲህ በመጡት መንቀጥቀጦች ጸንተው ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ሲቹዋን ላይ ግን መሬቱ የተናወጠው ከሰዓት በኋላ 8፡28 ላይ፣ ልጆች ክፍል ውስጥ ሳሉ ነው። መንግሥት ባመነው ቁጥር ብቻ 5,335 ተማሪ ሞቷል ወይም የገባበት ጠፍቷል። እነዚህን ሁለት ቦታዎች የለያቸው የሰዓት ጉዳይ ነው። በሰዓት መታመን አንችልም።

ለግንበኞችና ለብረት ሠራተኞች፣ ለፌራዮዎች፣ አንዲት ቴክኒካዊ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በሀገራችን ትምህርት ቤቶች ሁሉ ስለማያት። በኮሪደሩ በኩል ልጆች ወደ ውጭ እንዳያዩ ብለን ብሎኬቱን እስከ 2 ሜትር እንሞላለን፤ መስኮቱን ከላይ 1 ሜትር እናደርገዋለን። ኮለኑ 3 ሜትር ሆኖ የተሰላ ነው። ብሎኬቱ ከሁለቱም ጎን ሲያቅፈው ግን የሚንቀሳቀሰው የላይኛው 1 ሜትር ብቻ ይሆናል። አጭር ኮለን ግትር ነው፤ ርዝመቱ ሲሶ ሲሆን ግትርነቱ 27 እጥፍ ይሆናል። መሬት ሲነቃነቅ ደግሞ ኃይሉ የሚሄደው ወደ ግትሩ ነው። ስለዚህ ያ 1 ሜትር ከሁሉ ቀድሞ ይቆረጣል፤ ሰያፍ። መፍትሔው ብሎኬቱን ከኮለኑ ጋር አለማጣበቅ ነው፤ ሁለት ሦስት ሳንቲ ክፍተት ትታችሁ በስታይሮፎም ሙሉት። ስታፋውንም፣ የኮለኑን ቋሚ ብረቶች የሚያቅፈውን ቀለበት፣ በዚያ ቦታ አቀራርባችሁ እሰሩት፣ የስታፋው ጫፍ ደግሞ ወደ ኮለኑ ሆድ ይታጠፍ። ዘጠና ዲግሪ ብቻ ታጥፎ የተተወ ስታፋ ሲጨነቅ ይከፈታል።

በአማርኛ ደረጃ ስንል ልኩንም መውጫ መውረጃውንም ነው፤ ስለ መውጫው አንድ ሁለት ቃል። እያንዳንዱ እርከን እኩል ይሁን። እግር የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርከኖች ለክቶ ቀሪውን ሳያይ ይረግጣል፤ መጨረሻዋ እርከን በሦስት ሳንቲ ከበለጠች ልጅ ይወድቃል። የድጋፉ ብረት ቁመት 1 ሜትር ከ10 ይሁን፤ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ አይብለጥ፣ የሕፃን ራስ እንዳያልፍ። ለመወጣጫ የሚሆን አግዳሚ ብረትም አታድርጉ፤ ልጅ እንደ መሰላል ይወጣበታል።

አካል ጉዳተኞችን በተመለከተ አዋጁ በአንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ያዝዛል፤ መጸዳጃ ቤቱንም ጭምር። ብዙ ቦታ ራምፕ ተሠርቷል፤ ደስ ይላል። ግን 45 ሳንቲ ከፍታን በ1 ሜትር ተኩል የሚወጣ ራምፕ ለካሁ። እሱን የሠራው ሰው አንድ ጊዜ በዊልቸር ተቀምጦ ቢሞክረው ኖሮ ይቅር ይለኝ ነበር፤ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ልኩ 1 ለ12 ነው፤ ለ45 ሳንቲ 5 ሜትር ከ40 ያስፈልጋል። እዚያው ትምህርት ቤት አንዲት እናት ልጇን በየጧቱ በጀርባዋ አዝላ ታስገባዋለች፤ ልጁ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ራምፑ አጠገባቸው ባዶውን ተኝቷል።

መጸዳጃ ቤትን ችላ ብዬ ባልፍ ይህች ከተማ ትታዘበኛለች። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ፣ በቆላ ድባ የወባ ወረርሽኝ ሕዝቡን ጨርሶት ነበር፤ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ሆኖ ተቋቋመ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ (ሳኒቴሪያን) አብረው የሠለጠኑት እዚህ ነው። ከዚህ የወጡ ሳኒቴሪያኖች በመላ ሀገሪቱ ጉድጓድ አስቆፍረው ሰውን አስተማሩ። ታዲያ ዛሬ በዚሁ ከተማ ዙሪያ 600 ሴት ተማሪ ያለበት ትምህርት ቤት አራት መቀመጫ ይዞ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ ለ25 ሴት ተማሪ አንድ መቀመጫ ነው፤ ለ600ው 24 ማለት ነው። ለወንዶች ለ50 አንድ መቀመጫና መሽኛ። የሴቶቹ ከወንዶቹ ይራቅ፤ በሩ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ይኑረው፤ ውኃና የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይኑር። ሴት ልጅ በወር አበባዋ ቀን ቤት የምትቀረው መቀርቀሪያ ስለሌለ ከሆነ፣ አንድ መቀርቀሪያ ስንት እንደሚሸጥ እናንተ ታውቃላችሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ ተነሣ። አንድ ወጣት ግንበኛ ነው፤ ብድግ ብሎ እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ የሚሉት ገብቶኛል። እኔ በቀን ሒሳብ የምሠራ ነኝ። ካፖው፣ አለቃችን፣ ‹ውኃ ጨምር፣ ቶሎ በል› ሲለኝ አልጨምርም ብል ነገ ሌላ ሰው ይገባል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ከባዱን ጥያቄ ያነሣኸው አንተ ነህ፤ አለባብሼ አልመልስልህም። ብቻህን እምቢ ብትል ከሥራ ትወጣለህ፤ ኮንክሪቱም ያው ይፈሳል። እኔም ጀማሪ በነበርኩ ጊዜ እንደዚያ ያለ ትእዛዝ ሰምቼ ዝም ያልኩባት አንዲት ሶሌታ አለች። ዛሬም በሥሯ ሳልፍ ቀና ብዬ አያታለሁ። ስለዚህ ሸክሙ በአንተ ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይሆን የኮሚቴው ሰው ማቡኪያው አጠገብ ይቁም ያልኩት ለዚህ ነው። የውኃው ልክ በሳይቱ መዝገብ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ሥራ ተቋራጩም ይፈርምበት። ያኔ «ጨምር» ሲሉህ መልሱ የአንተ አይሆንም፤ መዝገቡን ታሳያቸዋለህ፣ እማማም አጠገብህ ቆመው ጀሪካን ይቆጥራሉ። ግንባታን ለሚቆጣጠረው ለሕንፃ ሹሙ ቢሮም አቤት ማለት ይቻላል፤ ስምህን ሳትጠቅስ ኮሚቴው በራሱ ስም ያቅርበው።

ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ከጃንተከል ዋርካ ሥር እንገናኝ። ሦስት ትምህርት ቤቶች ፈቅደውልናል። ሜትር፣ እርሳስ፣ ባዶ ፕላስቲክና ትንሽ ጀሶ ይዛችሁ ኑ። ከበሮቹ እንጀምራለን።

አሁን እንውጣ፤ የኋላውም በር ክፍት ነው።